ለደንበኞቻችን፦ ዓሣ አዋዋኙ ሲለወጥ ከመድኃኒት በፊት ውኃውን

ለተከበራችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ደንበኞቻችን፤

የጌጥ ዓሣ ሱቃችን ውስጥ በብዛት የምንጠየቀው «የዓሣዬ አዋዋኝ ልክ አይደለም፣ ምን መድኃኒት ልስጠው?» የሚል ነው። መድኃኒት እንሸጣለን፤ ይሁንና እንዲህ ብሎ ለሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ውኃ መቀየሪያ ባልዲ ነው። ማንኛውንም ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ፦ የተለወጠው አንዱ ዓሣ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ሁሉም በአንድ ቀን ከተለወጡ ችግሩ ያለው ውኃው ላይ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ያ ዓሣ ታሟል፣ ወይም ጉልበተኛ ጓደኛው እያሳደደ መጠጊያ አሳጥቶታል።

ከሁሉም በፊት ስለ አየር እንናገር። ዓሦቹ ውኃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ስንጥባቸውም (መተንፈሻቸው) በፍጥነት ከተርገበገበ ኦክስጅን አንሷቸዋል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሊትር ውኃ 8 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ወደ 6 ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ትሻላለች፤ ግን ሞቃት ናት፣ ውኃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር መመሪያ «ለዚህ ገንዳ 10 ዓሣ ይበቃል» ካለ እናንተ 7 አድርጉት። ኤር ፓምፑንም ሌሊት አታጥፉት፤ ተክል ያለበት ገንዳ ኦክስጅን የሚያጥረው ሊነጋ ሲል ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ምግብ አትስጡ፤ የበላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። በየሩብ ሰዓቱ ውኃውን በንጹሕ ኩባያ እየቀዳችሁ ከአንድ ክንድ ከፍታ ለጥቂት ደቂቃ መልሳችሁ አፍስሱ። ኤር ፓምፑን ከውኃው ደረጃ በላይ አስቀምጡት፣ ካልሆነም ቱቦው ላይ ውኃ የማያስመልስ ቫልቭ ግጠሙለት፤ አለዚያ ፓምፑ ሲቆም ውኃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑን ያበላሻል፣ ወለሉንም ያጥለቀልቃል። ተዘግቶ የሚሠራ ፊልተር ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ ደግሞ ውስጡ የታፈነውን ውኃ ድፉና ስፖንጁን አለቅልቁ፤ ከዚያ አስነሡት።

ፓምፑ እየሠራም አናት ላይ የሚያዛጉ ከሆነ ከዓሣው ቆሻሻ የሚፈጠሩትን መርዞች፣ አሞኒያን ወይም ናይትራይትን፣ ጠርጥሩ። እነዚህ ስንጥቡን ወይም ደሙን ስለሚጎዱ ዓሣው ኦክስጅን እያለ ይታፈናል። አዲስ ገንዳ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ በቀዝቃዛ ቤት ከዚያም ይረዝማል። በዚህ ጊዜ በሁለት ቀን አንዴ ሩብ ውኃ ቀይሩ፣ ምግብ ቀንሱ። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይጨርሳቸውና ገንዳው እንደገና አዲስ ይሆናል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ መጭመቅ ይበቃል።

ውኃ በተቀየረ በደቂቃዎች ውስጥ መወርወር፣ ከመስታወት ጋር መላተም፣ ከገንዳ መዝለል ከታየ ክሎሪን ነው፣ ወይም የገባው ውኃ በጣም ቀዝቃዛ ነበር። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ከሌላችሁ ውኃውን በሰፊ ባልዲ ክፍት አድርጋችሁ ለ24 ሰዓት አሳድሩት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውኃ እንዳደረ አይቆጠርም፣ ክሎሪኑ መውጫ የለውም። በገንዳውና በአዲሱ ውኃ መካከል ከ2 ዲግሪ በላይ ልዩነት አይኑር። ባልዲው ደግሞ ለዓሣ ብቻ ይሁን፤ ኦሞ ወይም በረኪና የነካው ዕቃ ቢታጠብም አንታመነውም።

ዓሣው ጎኑን ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር እየፋተገ ብልጭ ብልጭ ካለ ብዙ ጊዜ ቆዳው ላይ ወይም ስንጥቡ ውስጥ ጥገኛ ተውሳክ አለ። እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነጭ ነጠብጣቦች ከታዩማ አያጠራጥርም። ተውሳኩ ነጠብጣቡ ውስጥ ሳለ ምንም አይነካውም፤ የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ ልጆቹ ውኃ ውስጥ ሲዋኙ ነው። ሙቀቱን የምንጨምረው ይህን ዑደት ለማፋጠን ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ዑደቱ ሳምንታት ይፈጃል። በየጥቂት ሰዓቱ 1 ዲግሪ እየጨመራችሁ ወደ 28 አድርሱና ነጠብጣቡ ቢጠፋም እስከ 14 ቀን አቆዩት፣ ኤር ፓምፑን አበርትታችሁ።

ከዚሁ ጋር ለአንድ ሊትር 2 ግራም ጨው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ፦ 60 በ30 በ35 የሆነው ገንዳ 63 ሊትር ነው፤ የአሸዋውንና የአናቱን ባዶ ቦታ ስትቀንሱ 55 ያህል ይቀራል። 110 ግራም ጨው ማለት ነው፣ ልክ የተደለደለ 6 የሾርባ ማንኪያ። በአንዴ አትጨምሩት፤ በ12 ሰዓት ልዩነት 2፣ 2፣ 2 ማንኪያ፣ ቀድሞ በኩባያ ተሟሙቶ። ተራው የምግብ ጨው ይሠራል። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የተነነውን ውኃ በንጹሕ ውኃ ሙሉ፣ ቀድታችሁ ለቀየራችሁት ብቻ ጨው ተኩ። ካትፊሽ ወይም ተክል ካላችሁ ግን ይህን መጠን ከመጠቀማችሁ በፊት ጠይቁን። ከሐይቅ ወይም ከቦርከና አሸዋና ተክል እያመጣችሁ አትጨምሩ፤ ነጻ ይመስላል እንጂ ተውሳኩ አብሮ ይመጣል።

በጀርባው የሚገለበጥ ወይም መጥለቅ አቅቶት አናት ላይ የሚንሳፈፍ ጎልድፊሽ ብዙ ጊዜ ሆዱ ደርቋል። ሰውነቱ ክብ እንዲሆን የተራባው ዓይነት ሆድ ዕቃው ተጨናንቆ የአየር ከረጢቱን ይጫነዋል። ደረቅ እንክብል ከአናት ላይ ሲለቅም ደግሞ አየር አብሮ ይውጣል። ለ3 ቀን ምንም አትመግቡት፤ አይራብም፣ አትሳሱ። ከዚያ አንድ የአተር ፍሬ ቀቅላችሁ፣ ልጣጩን ገፋችሁ፣ ፈጭታችሁ ስጡት። ወደፊት እንክብሉን ከመስጠታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ ከቆመ ግን የሆድ ድርቀት ሳይሆን የውስጥ አካል በሽታ ስለሆነ አተር አያድነውም።

ሞሊና ጋፒ የሚባሉት ዓሦች አንድ ቦታ ቆመው ክንፋቸውን አጣብቀው የሚወዛወዙት ብዙ ጊዜ ብርድ ሲይዛቸው ነው። እነሱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ የደሴ ሳሎን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይህን አይሰጥም። ለአንድ ሊትር 1 ዋት ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) የሚለው ስሌት ለሞቀ ቤት ነው፤ ደሴ ላላችሁ ከ1.5 እስከ 2 ዋት እንመክራለን። ውኃ ስትቀንሱ ሂተሩን ንቀሉ፣ አየር ላይ ከጋለ ይሰነጠቃል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ለብቻ የምንለው የትንኝ ማጥፊያ ርጭትን ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው መርዝ ለሰው ቀላል፣ ለዓሣ ግን ገዳይ ነው፤ ዓሣው እየተሽከረከረ ይዋኝና ይወድቃል። ስትረጩ ገንዳውን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ኤር ፓምፑን አጥፉ፤ የክፍሉን አየር ስቦ ውኃው ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ አብሩት። መርዙ ውኃው ውስጥ ከገባ ግማሹን ውኃ ወዲያው ቀይሩና ፊልተሩ ውስጥ ለአኳሪየም የሚሸጠውን ከሰል ጨምሩ፤ የማድቤት ከሰል አይተካውም።

የማያስደነግጠውንም እወቁ። ቤታ የሚባለው ዓሣ ወደ አናት እየወጣ አየር መጉረሱ ተፈጥሮው ነው። ሎች የሚባለው ዓሣ በጎኑ ጋደም ይላል። አዲስ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ቢደበቅ ወይም መስታወቱን ተከትሎ ቢመላለስ ተዉት፤ የገንዳውን መብራት አደብዝዙለት።

ካልገባችሁ ዓሣውን በፌስታል ይዛችሁ አትምጡ፣ መንገዱ ይብስበታል። በታጠበ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር የገንዳውን ውኃ፣ በስልካችሁም የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ። ውኃው በተቀዳበት ዕለት ይድረሰን፤ ካደረ ልኬቱ ይለወጣል። ምርመራው ለደንበኞቻችን ያለ ክፍያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጌጥ ዓሣና የአኳሪየም ዕቃ መሸጫችሁ፣ ደሴ