ቢጫው ሳጥን ሲጠፋብን ለማን ተናገርን? ለማንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ስሜን ብትተውልኝ ደስ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ ዙሪያ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ የአፈር ላብራቶሪ ረዳት ነበርኩ። አፈሩ በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለካ ማሽን አለ፣ ቢጫ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ውስጡ ሲዚየም 137 እና አሜሪሲየም 241 የሚባሉ ጨረር አመንጪ ነገሮች አሉ። መጠናቸው ትንሽ ነው ግን ኤክስሬይ ማሽን ሶኬቱን ስትነቅሉት አለቀ፣ ይሄ ግን ማጥፊያ የለውም፣ ሲዚየሙ እንኳን ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ነው የሚፈጅበት። ለዚህ ነው ያለ ፈቃድ የማይያዘው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ካምፕ ስንደርስ ፒካፑ ላይ ሳጥኑ የለም። አልታሰረም ነበር፣ የኋላው በርም በቅጡ አልተዘጋም፣ መንገዱ ደግሞ ገና ያልተሠራ መንገድ ነው እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ታውቁታላችሁ። ኃላፊያችን መጀመሪያ ያለው ነገር "የት ጠፋ?" አይደለም፣ "ማን አወቀ?" ነው። ከዛ ሾፌሩንና እኔን ለብቻችን ጠርቶ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለና ባትሪ ሰጥቶ በመጣንበት መንገድ መለሰን።

ያገኘነው ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ አንዲት መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ እናት ጋ ነው። ሳጥኑን አስገብተው ግድግዳ ስር አስቀምጠውታል፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ላዩ ላይ ተቀምጠው እራት ይበላሉ። "ባለቤቱ ይመጣል ብዬ ነው ያስገባሁት ልጄ፣ ሌባ እንዳይወስደው" አሉኝ። ሳጥኑ ላይ ያለውን የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክት እያሳዩ ደግሞ "ቬንትሌተር ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ፣ ያቺን ሦስት ክንፍ ያላትን ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ ላልተማረው ሰው ቬንትሌተር ነው የምትመስለው፣ በ2007 በፈረንጆቹ ለአደገኛ ምንጮች ቀይ መደብ ላይ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ሌላ ምልክት እንዲጨመር የተደረገውም ሰው አይቶ የማይደነግጥበት ምልክት ዋጋ ስለሌለው ነው። እኔ ምን አልኳቸው? "አዎ እማማ፣ የአፈር መመዘኛ ነው፣ እግዜር ይስጥልን።" ሾፌሩ ሁለት መቶ ብር ሰጣቸው፣ ወጣን።

እውነቱን ለመናገር ጉዳት ደርሶባቸዋል ብዬ አላምንም፣ ማሽኑ ተቆልፎ ነበር፣ መከለያውም ደህና ነበር። ቢሆንም ማንም መጥቶ በመሣሪያ አልለካውም፣ እኛም በዓይናችን አይተን ነው ደህና ነው ያልነው። ወረቀት ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈችም፣ በማግስቱ ያው ማሽን በዛው ፒካፕ ሳይታሰር ወጣ።

ኋላ ላይ ሳነብ ነው ሌላው አገር እንዴት እንደሚሠራ ያወቅኩት። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው ድርጅት እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋበት ወዲያው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መደወል አለበት፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው 24 ሰዓት አለ፣ ከዛ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስረዳል። ሪፖርቱ ደግሞ ማንም እንዲያነበው ይወጣል። ገብቼ ሳነበው የገረመኝ አብዛኛው የኛው ዓይነት መሆኑ ነው፣ ከመኪና የወደቀ፣ ሮለር የሄደበት፣ ከነፒካፑ የተሰረቀ። እነሱም ያው እንደኛ ይረሳሉ፣ ግን ይደውላሉ። አውስትራሊያም በፈረንጆቹ 2023 ጥር ላይ ስፋቷ 6 ቁመቷ 8 ሚሊሜትር የሆነች የሲዚየም ቁራጭ 1,400 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው መንገድ ላይ ጠፍታ ለሕዝቡ በይፋ ተነገረ፣ በመኪና ላይ በተገጠመ መሣሪያ ሲፈለግ ከርሞ መንገድ ዳር ተገኘች። ከአተር የማትበልጥ ነገር! በዝምታ ቢያልፉት ኖሮ ማን ሊያገኛት ነው።

ዝም ሲባል የሚመጣውን ደግሞ ብራዚል ጎያኒያ ላይ በፈረንጆቹ 1987 አይተውታል። ጥለውት ከሄዱት ክሊኒክ የጨረር ሕክምና ማሽን ቁራጭ ተሰርቆ ለአሮጌ ብረት ገዢ ተሸጠ፣ ሰውየው ማታ ሰማያዊ ሲያበራ አይቶ ደስ ብሎት ለዘመድ ለጎረቤት አካፈለው። ሁለት ሳምንት ያህል ማንም ሳያውቅ ቆየ። በመጨረሻ ነቅታ በፌስታል ይዛ፣ አውቶብስ ተሳፍራ ጤና ቢሮ ያደረሰችው ሚስቱ ነች። አራት ሰው ሞተ፣ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነች፣ አንዷ ራሷ ይቺው ሚስት። ከ112 ሺህ በላይ ሰው ተመርምሯል።

ይሄንን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የኛ ቆራሌው ነው። ሂርማታ፣ መርካቶ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ብረት የሚገዛው ልጅ ያቺን ሳጥን ቢያገኛት በኪሎ ነው የሚመዝናት፣ ውስጧ ለመከላከያ የሚደረግ ከባድ እርሳስ ስላለ እንደውም ደስ ነው የሚለው። ከዛ ወደ ማቅለጫ። ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጆቹ 1983 ኮባልት የሚባል ሌላ ጨረር አመንጪ እንዲሁ ከብረት ጋር ቀልጦ ፌሮ ሆኗል፣ በፌሮውም ቤት ተሠርቶበታል፣ የታወቀውም ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ በአንድ የኒውክሌር ላብራቶሪ በር ሲያልፍ መሣሪያው ስለጮኸ ነው፣ በአጋጣሚ ማለት ነው።

እኛ አገር ሕግ የለም እያልኩ አይደለም። የጨረርና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ፣ ሥራውም አሁን በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ስር ነው። ችግሩ እኔ ያየሁት ቦታ ላይ ሁሉም የሚያስበው "ፈቃዳችን ይነጠቃል፣ እንጀራችን ይቆረጣል" ብሎ ነው፣ ስለዚህ የሚያስቀጣው መደበቅ እንጂ መናገር እንዳልሆነ ሠራተኛው በግልጽ ይነገረው፣ ሾፌሩ ጭምር፣ ዘበኛው ጭምር። ወዲያው የደወለ ድርጅትና ሦስት ወር ደብቆ የተያዘ ድርጅት እኩል ከተቀጡ ማን ሞኝ ነው የሚደውለው? ከአዲስ አበባ ጅማ ደግሞ 350 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ባለሙያው እስኪደርስ ፖሊሱ ቢያንስ "አትንኩት፣ ራቁ፣ ልጆቹን አርቁ፣ ማን እንደነካው መዝግቡ" ማለት ይወቅ።

ከናንተ የምፈልገው ቀላል ነው። ሌሊትም ቢሆን የሚነሳውን ስልክ ቁጥር ከባለሥልጣኑ ጠይቃችሁ በጋዜጣችሁ አትሙልን፣ ከሁለቱ ምልክቶች ሥዕል ጋር፣ ተለቅ አድርጋችሁ። እኔ ገጹን ቆርጬ መጀመሪያ የምወስደው ለእማማ ነው፣ አሁንም እዛው ቦታ ቡና ያፈላሉ። የዛን ቀን ልጆቹ ተቀምጠውበት የነበረው ምን እንደሆነም ያኔ እነግራቸዋለሁ፣ እስከዛሬ አልነገርኳቸውም።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የላብራቶሪ ረዳት፣ ከጅማ