«በ21ኛው ቀን ነይ»፦ የመውለድ ምርመራ ላይ ስላለው ዝምታ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አምስት ዓመት ሆኖናል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩሉን ያሳለፍነው «ለምን አልወለድንም?» የሚለውን ጥያቄ ይዘን ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ስንመላለስ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሐኪሞችን የሙያ ብቃት ለመክሰስ አይደለም። ስለ ዋጋውም የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ለዛሬ ግን ልተወው። የምጽፈው ስለ ንግግር ነው፦ ምርመራ ሲታዘዝ ለምን እንደታዘዘ፣ ውጤቱ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምክንያቱ ካልታወቀም አለመታወቁን ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ስለ መንገር።

የመጀመሪያው ሐኪማችን ስመ ጥር ሰው ናቸው፤ ወረፋቸው ራሱ ይመሰክራል። ካርድ ካወጣሁ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ጠብቄ ገባሁ፤ ስወጣ ሰዓቴን ሳየው እርሳቸው ዘንድ የቆየሁት ሰባት ደቂቃ ነበር። በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ዕድሜዬን፣ የጋብቻ ዘመኔን፣ ከዚህ በፊት አስወርጄ እንደማውቅ ጠየቁኝ፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ስመልስ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ቀጣይዋ ተረኛ መልሴን ሳትሰማ የቀረች አይመስለኝም። ከዚያም የደም ምርመራ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝና «የወር አበባሽ በመጣ በ21ኛው ቀን ነይ» አሉኝ። ለምን 21ኛው ቀን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ተማሪዎቼን «ያልገባችሁን ጠይቁ» ስል የምውል ሴት ነጭ ጋዋን ፊት ስደርስ አንደበቴ ይተሳሰራል።

በታዘዝኩበት ቀን ደም ሰጠሁ። ሐኪሙ ውጤቱን አይተው «እንቁላልሽ አይወጣም» አሉኝና ክሎሚፊን የሚባል ኪኒን ለሦስት ወር አዘዙልኝ። መድኃኒቱ ፊትንና አንገትን ድንገት እንደ ወላፈን ሊያግል እንደሚችል ማንም ስላልነገረኝ፣ ታይፎይድ ይዞኛል ብዬ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ሌላ ደም ሰጠሁ። ሦስቱ ወር አለፈ፤ ያረገዝኩት ነገር ግን አልነበረም፤ «አይወጣም» የሚለው ቃል ብቻ ውስጤ ቀረ።

ዓመት ካለፈ በኋላ የሄድንባቸው ሁለተኛዋ ሐኪም፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል «የወር አበባሽ በስንት በስንት ቀን ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። በየ35 ቀኑ ገደማ እንደሆነ ስነግራቸው የቀድሞውን ውጤት አውጥተው ቀኑን ቆጠሩና ብዕራቸውን አስቀመጡ። ያስረዱኝን እንደገባኝ ልጻፈው። በዚያ ቀን የተለካው ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ይህ ሆርሞን ከፍ የሚለው እንቁላል ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ደሙ መወሰድ ያለበት የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ ሰባት ቀን ያህል ሲቀረው ነው። በየ28 ቀኑ ለምታይ ሴት ያ ቀን 21ኛው ይሆናል፤ በየ35 ቀኑ ለማየው ለእኔ ግን 28ኛው ነው። እኔ በ21ኛው ቀን ክንዴን ስዘረጋ እንቁላሉ ገና ለመውጣት እየተዘጋጀ ሊሆን ይችል ነበር። ምርመራው በትክክለኛው ቀን ሲደገም እንቁላሌ በሚገባ እንደሚወጣ ታየ። አንዲት ጥያቄ ባለመጠየቋ፣ ወይም «21ኛው ቀን» የተባለው ለምን እንደሆነ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ባለመነገሩ፣ የማያስፈልገኝን መድኃኒት ዋጥኩ፤ የሌለብኝንም ጉድለት ለአንድ ዓመት ተሸከምኩ።

በመካከሉ የማኅፀን ቱቦ ራጅ ነበር። ይህ ምርመራ በማኅፀን በር በኩል ቀለም እየተጨመረ፣ ቀለሙ በቱቦዎቹ አልፎ መፍሰስ አለመፍሰሱ በራጅ የሚታይበት ነው፤ የወር አበባ ካበቃ በኋላ እንቁላል ሳይወጣ የሚደረገውም ባልታወቀ ጽንስ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዕለቱ የተነገረኝ «አያምም፣ ቶሎ ያልቃል» የሚል ብቻ ነበር። ቶሎ ማለቁ እውነት ነው፤ አለማመሙ ግን እውነት አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በፊት የሕመም ማስታገሻ መዋጥ እንደሚቻል ቢነገረኝ ኖሮ ጥርሴን ነክሼ እንባዬን ከማፍሰስ እድን ነበር፤ ደግሞም ሕመሙ እንደሚመጣና እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ሲያመው አይደነግጥም። ከሕመሙ ይልቅ የከፋው ግን ባለሙያው ለጎኑ ሰው «በቀኝ ዝግ ነው» ሲል መስማቴ ነው። ለእኔ አልተናገረም፤ እኔ ግን እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። የሐኪሙ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለነበር ሦስት ሳምንት ሙሉ «ዝግ» ከሚለው ቃል ጋር አደርኩ። ሁለተኛዋ ሐኪም ቱቦው ከማኅፀን በሚነሳበት በኩል ዝግ ሆኖ ሲታይ አንዳንድ ጊዜ በምርመራው ወቅት ቱቦው ተኮማትሮ ሊሆን እንደሚችል፣ በአንድ ክፍት ቱቦም ቢሆን ማርገዝ እንደሚቻል ነገሩኝ። በኋላ በተደረገልኝ ምርመራ ቱቦው ክፍት ሆኖ ተገኘ። ይህንን ለማስረዳት የፈጀባቸው ጊዜ ሻይ ከሚጠጣበት አይበልጥም።

ስለ ባለቤቴም ልጨምር። እስከ 14ኛው ወር ድረስ እርሱን የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። ልጅ ለመውለድ ከሚቸገሩ ጥንዶች እስከ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ድርሻ እንዳለ፣ የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ፣ ሕመም የሌለውና በመጀመሪያው ቀን ሊታዘዝ የሚችል መሆኑን እያወቁ፣ ሐኪሞች ለምን ሴቷን ብቻ እንደሚያስተኙ አይገባኝም። በመጨረሻ ሲታዘዝለት ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብ እንደሚያስፈልግ የነገረው ስላልነበረ ምርመራው ተደገመ። ሁለተኛው ውጤት በእንግሊዝኛ ተጽፎ በፖስታ ተሰጠው። በዚያ ምሽት ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያነብ ትክክለኛ ቅርጽ ያላቸው 5 በመቶ ብቻ ናቸው የሚል አገኘ። የቀሩት 95 በመቶ የተበላሹ ናቸው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ፤ እኔም ሳልተኛ አደርኩ። ሐኪሟ ግን በማግሥቱ ስንደውልላቸው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት የዚህ መለኪያ ዝቅተኛ ወሰን 4 በመቶ ስለሆነ የባለቤቴ ውጤት ደኅና መሆኑን ነገሩን። ላቦራቶሪው በወረቀቱ ግርጌ አንዲት መስመር በአማርኛ ቢጽፍ ኖሮ ያ ሌሊት የሰላም ይሆን ነበር።

ሐኪሞች ለምን እንደማይናገሩ ሳስብ ክፋትን አላይም። ወረፋው በዝቷል፤ አንድ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም በአንድ ቀን የሚያየውን ሰው ብዛት ሳይ እኔ ብሆን አንደበቴ ይደርቅ ነበር እላለሁ። ሌላው ግን ሙያውን የተማሩት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ሐኪሙ የሚያስበው በእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ያንን ቃል ወደ አማርኛ ለማውረድ ጊዜ ሲያጥረው ወይ እንዳለ ይወረውረዋል፣ ወይ ዝም ይላል። የአማርኛ መምህርት ስለሆንኩ ይህ ከሌላው በላይ ሳይቆጨኝ አይቀርም፤ ማኅፀን፣ እንቁላል፣ ቱቦ፣ ዘር፣ ሁሉም የእናቶቻችን ቃላት ናቸውና ለማስረዳት የሚጎድል ቃል የለም። የእኛም ድርሻ አለበት። ሐኪምን መጠየቅ መዳፈር ይመስለናል፤ «እርሳቸው ያውቃሉ» እንላለን፤ ከወጣን በኋላ ግን ያልጠየቅነውን ጥያቄ ጎረቤት ይመልስልናል።

ጎረቤት ደግሞ መልስ አያጣም። ሐኪሙ ዝም ባለበት ዓመት ውስጥ አንዷ የተዘጋ ማኅፀን የሚከፍት ሥር አመጣችልኝ፤ ሌላዋ የሆድ ማሸት ወደሚያውቁ ሴትዮ ልትወስደኝ አሰበች፤ አማቴ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና በክፉ ዓይን ሳያዩኝ፣ በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሄጄ እንድሳል ለመኑኝ። ሄድኩ፤ ተሳልኩም፤ በመሄዴ አልቆጭም። ስለቴ ከሕክምናዬ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ነገር ግን ሐኪሙ ስለ ሰውነቴ የነገረኝ ነገር ቢኖር ኖሮ፣ ያንን ሥር በዚያ ፍርሃት አፍልቼ አልጠጣም ነበር።

በእኔ ላይ የደረሰው የጥቂቶች ዕጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር እንደሚገጥመው ገልጿል። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው እቤቱ ይቀመጥ ነበር። ጤና ሚኒስቴርም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተገበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ውስጥ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ቃላቱ በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አይቻቸዋለሁ። መለጠፋቸው ጥሩ ነው፤ ከግድግዳው ወርደው ወደ ጠረጴዛው የሚመጡበትን ቀን ግን እጠብቃለሁ።

እስከዚያው እንዴት እንደቻልኩት ለሌሎች ይጠቅም እንደሆነ ልንገር። አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ። የወር አበባዬ የመጣበትን የመጀመሪያ ቀን እየጻፍኩ ከአንዱ እስከ ሌላው ስንት ቀን እንደሆነ እቆጥራለሁ፤ ያ የ35 ቀን ነገር የተያዘው በዚህ መንገድ ነው። ከቀጠሮ በፊት የምጠይቀውን እጽፋለሁ፣ ግን ከሦስት አላበዛም፤ ሐኪሙ ሲያየው እንዳይደነግጥ። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ «እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ልክ ነው?» እላለሁ፤ ከልምዴ እንዳየሁት ይህች ዓረፍተ ነገር ማንንም አታስቆጣም፣ ሐኪሙን ግን ታስቆመዋለች። ከእያንዳንዱ ውጤት ኮፒ እወስዳለሁ። ባለቤቴም ያለ ሰበብ አብሮኝ ይገባል፤ እርሱ ሲኖር የእኔ ግማሽ መስማት በእርሱ ግማሽ መስማት ይሞላል። የውጤት ወረቀት በምሽት አንከፍትም። ይህን ደንብ ያወጣነው ከ5 በመቶው ሌሊት በኋላ ነው።

ከሐኪም ቤቶች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለየምርመራው ግማሽ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ይዘጋጅ፦ ምርመራው ምን እንደሚያይ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደረግና ያ ቀን ከሴቷ የወር አበባ ጋር እንዴት እንደሚሰላ፣ ሊያም እንደሚችል፣ ውጤቱ መቼና በማን እንደሚነገር። በተለያየ ቋንቋ ለሚናገሩ ታካሚዎችም በየቋንቋቸው ቢሆን ከዚህ ይሻላል። ባልም ከመጀመሪያው ቀን ይጠራ። በሩ ይዘጋ። ራጅ ክፍል ውስጥ ያለ ባለሙያም በታካሚው ራስ ላይ ለሌላ ሰው የሚናገረውን ወይ ለታካሚው ያስረዳ፣ ወይ እስኪወጣ ይጠብቅ። ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ከአንድ ዓመት ሙከራ በኋላ፣ 35 ለሞላት ወይም ለዘለለች ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ምርመራ መጀመር እንዳለበት ሐኪሞች ያውቃሉ፤ እኔ ወደ 35 እየተጠጋሁ ስለሆነ በዝምታ የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር ከእጄ የሚወጣ ወር ነው።

ሁለተኛዋ ሐኪማችን ባለፈው ወር ሁሉንም ውጤት ጠረጴዛው ላይ ደርድረው «እስካሁን ባየነው ምክንያቱ አልታወቀም፤ እኔም አላወቅሁትም» አሉን። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ያዝናል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ከበሩ እንደወጣን «ቢያንስ ነገሩን» አለኝ። ቀጣዩ ቀጠሯችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ደብተሬ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፌያለሁ፤ ትናንት ማታ ስገልጠው አራተኛውን ባለቤቴ በእርሳስ ጨምሮበት አገኘሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ