ለቀላል ጭረት ሙሉ በር አይቀባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና ቀለም ቅብ ሙያ ልጆቼን ያሳደግሁ፣ አሁን ከአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ በእኛ ሠፈር፣ እንዲሁም በኮዬ ፈጬና በቃሊቲ በኩል ባሉ መንደሮች ዘወትር የማየው ነው። ጥፍር እንኳ የማይዘው ቀላል ጭረት ያገኘው መኪና ወደ ጋራዥ ይገባል፤ በሩ ወይም ፓራፋንጎው ከዳር እስከ ዳር በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ስቱኮ የሚባለው የመሙያ ሊጥ ይለሰንበትና እንደ አዲስ ተቀብቶ ይወጣል። ባለቤቱ በአንድ ከሰዓት የእጅ ሥራ ሊወገድ ይችል ለነበረ ነገር ብዙ ገንዘብ ከመክፈሉ በላይ፣ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቀለም ያጣል። ይህ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

የመኪና ቀለም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከብረቱ ጀምሮ ወደ ላይ ብንቆጥር መጀመሪያ ዝገት ተከላካይ ልባስ፣ ቀጥሎ ቀለሙን የሚያስይዘው ፕራይመር፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም በጋራዥ ክሊር የምንለው መልክ የሌለው አንጸባራቂ ልባስ ይገኛል። የሁሉም ውፍረት ተደምሮ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከክሊሩ ይወፍራል። ፋብሪካው የላይኞቹን ልባሶች የሚያደርቀው መኪናው ገና ባዶ አካል ሳለ በ140 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ነው። ጎማ፣ ፕላስቲክና የኤሌክትሪክ ሽቦ የተገጠመለትን መኪና በዚያ ሙቀት ማቆየት ስለማይቻል፣ ጥሩ የተባለ ጋራዥ እንኳ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ያደርቃል፤ በእኛ አካባቢ ግን አብዛኛው ሥራ አቧራ በሚነሣበት ግቢ ውስጥ በፀሐይና በነፋስ የሚደርቅ ነው። በሙያዬ እኮራለሁ፤ ሆኖም እጄ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን የፋብሪካውን ቀለም በትክክል እተካለሁ ብዬ ለማንም ቃል ገብቼ አላውቅም።

ጭረቱ ቀላል መሆን አለመሆኑን ማንም ሰው በራሱ ሊለይ ይችላል። ጭረት ለዓይን ጎልቶ የሚታየው ጠርዞቹ ብርሃንን ስለሚበታትኑ ነው። ቦታውን በደንብ አጥባችሁ ንጹሕ ውሃ ብታፈስሱበት ውሃው ስንጥቁን ይሞላዋል፤ ገጹም ለጊዜው ይስተካከላል። ውሃው እያለ ጭረቱ ከዓይን ከጠፋ፣ ጉዳቱ ክሊሩ ላይ ብቻ የቆመ ነው ማለት ነው። ከዚያ አድርቃችሁ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሻግራችሁ በቀስታ ጎትቱ፤ ጥፍር ሳይዘው ካለፈ በእጅ ፍተጋ ሊወገድ ይችላል፤ ትንሽ ከያዘው ሊደበዝዝ እንጂ ፈጽሞ ላይጠፋ ይችላል። ውሃ ፈስሶበትም ግራጫው ፕራይመር ወይም ብረቱ የሚታይ ከሆነ ግን በፍተጋ የሚድን አይደለም።

አንዲት ጎረቤቴ ጥቁር ሰማያዊ መኪናቸው በጠባብ ቅያስ ሲዞር የአጥር ቁጥቋጦ ከፊት በር እስከ ኋላ ፓራፋንጎ ድረስ ጫረባቸው። የወሰዱት ጋራዥ ሁለቱም በሮችና ፓራፋንጎው መቀባት አለባቸው ብሏቸው ነበር። ደጃፋቸው ላይ አንድ ጆግ ውሃ አስመጥቼ ጭረቱ ላይ ሳፈስስበት፣ ነጫጭ ሆነው ይታዩ የነበሩት መስመሮች አንድ በአንድ ጠፉ፤ የቀረው በኋላ በሩ እጀታ ትይዩ ያለ፣ ከጣት የማይረዝም ግራጫ መስመር ብቻ ነበር። ሌላውን ኮምፓውንድ በሚባለው፣ ደቃቅ መፈተጊያ ባለው ቅባት ፈትገን አስወግደን፣ ያቺን ጣት የምታህል መስመር በቀጭን ብሩሽ ቀለም ነካናት። ቀርቦ ያጎነበሰ ሰው የብሩሹን ምልክት ሊያይ ይችላል፤ የሦስት ክፍል የፋብሪካ ቀለም ግን ተረፈ።

ሥራው ራሱ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። መኪናው ጥላ ሥር ሆኖ ብረቱ መቀዝቀዝ አለበት፤ በጋለ ብረት ላይ ኮምፓውንድ ፈጥኖ ይደርቅና ሌላ ጭረት ያመጣል። ቦታው በመኪና ሻምፖ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ኮምፓውንድ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ወይም በስፖንጅ ተወስዳ፣ ከሁለት ስንዝር በማይበልጥ ስፋት ላይ መለስተኛ ኃይል እየተሰጣት ወዲያና ወዲህ፣ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ታች ትፈተጋለች። ቀጥ ባለ መስመር መፍተግ የሚሻለው፣ በክብ ስንፈትግ የሚቀረው ምልክት ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር መስሎ ስለሚታይ ነው። በየመሐሉ ጠርጎ በስልክ መብራት ከጎን ማየት ያስፈልጋል። ጭረቱ ሲደበዝዝ ይቆማል፤ ፍጹም እስኪጠፋ ድረስ መታገል አይገባም፤ ምክንያቱም ኮምፓውንድ ጭረቱን አይሞላውም፤ የሚሠራው በዙሪያው ያለውን ክሊር ዝቅ አድርጎ ገጹን በማስተካከል ነው። እያንዳንዱ ፍተጋ ከዚያች ከፀጉር ከምትቀጥን ልባስ ላይ ይቀንሳል። ፖሊሽ ከምንለው ከዚህ ፍተጋ በኋላ በማግሥቱ ሰም ቢቀባበት መልካም ነው፤ ሰሙ ለተወሰኑ ወራት ውሃና አቧራ በቀላሉ እንዳይጣበቅ ያግዛል።

በሮችና ኮፋኖ ላይ ያሉት የጎሉ መስመሮችና ጠርዞች ላይ ቀለሙ ከሌላው ቦታ የሳሳ ስለሆነ እጅ ሊከብድባቸው አይገባም። ከቆዩት መኪኖች መካከል በተለይ ነጮቹ፣ ክሊር የሌላቸው አሉ፤ በእነዚህ ላይ ጨርቁ የመኪናውን መልክ ይዞ ይወጣል። ያ ሲሆን መደንገጥ አያስፈልግም፤ ነገር ግን የሚፈተገው ራሱ ቀለሙ መሆኑን አውቆ መጠንቀቅ ይገባል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ማሽኑ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ብረት በሚቆርጥ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥመው ፖሊሽ የሚያደርጉ ወጣቶችን በየመንገዱ ዳር አያለሁ። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ሲዞር፣ ትንሹ ግራይንደር 11,000 ዙር ያህል ይዞራል። በዚህ ፍጥነት የሚፈጠረው ሙቀት ክሊሩን በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለ ክሊር ደግሞ ከመቀባት በቀር መድኃኒት የለውም። እነዚህ ልጆች ለሥራ የሚተጉ ናቸው፤ የጎደላቸው ትክክለኛው መሣሪያና የሚያሳያቸው ሰው ነው።

በአንዳንድ ላቫጆ መኪናን በላምባ ወይም በዘይት በተነከረ ጨርቅ መወልወልም ተለምዷል። ላምባውም ሆነ ዘይቱ ጭረቱን የሚሰውረው ከላይ እንደጠቀስሁት ውሃ ሁሉ ስንጥቁን ሞልቶ ስለሚቆይ ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጭረቱ እንደነበረ ይመለሳል፤ እስከዚያው ደግሞ አቧራው ቅባቱ ላይ ይለጠፋል። ስለ ጥርስ ሳሙና ለሚጠይቁኝ የምመልሰው፣ ውስጡ ደቃቅ መፈተጊያ ስላለው በጣም ቀላል ምልክት ሊያደበዝዝ እንደሚችል፣ ነገር ግን ለዚህ ተብሎ የተሠራውን ፖሊሽ እንደማይተካ ነው።

ከሁሉ በላይ ጭረቱ የሚመጣበትን መንገድ መዝጋት ይቀላል። በእኛ አካባቢ ያልተነጠፈ መንገድና ግንባታ ስለሚበዛ፣ በበጋ ወራት ጠዋት የታጠበ መኪና ከሰዓት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከክሊሩ እጅግ የጠነከረ ነው። ሾፌሩ ከቤት ሲወጣ ይህን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርገው፣ አቧራውን ጠረገ ማለት ሳይሆን በአሸዋ ፈተገው ማለት ነው። ሕፃናት አቧራ በለበሰ መኪና ላይ በጣታቸው «እጠበኝ» ብለው የጻፉት ጽሑፍ፣ መኪናው ከታጠበም በኋላ ፀሐይ በጎን ሲመታው ፊደሉ ሳይቀር የሚነበበው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብዙ ውሃ ከላይ ወደ ታች ማፍሰስ፣ ከዚያ አንዱን ባልዲ ለሻምፖ፣ ሌላውን ባልዲ ጨርቁን ለማለቅለቂያ አድርጎ ማጠብ፣ ለጎማና ለታችኛው ክፍል የዋለውንም ጨርቅ ወደ ኮፋኖ አለማምጣት ይገባል። ውሃ በሚጠፋበት ቀን አቧራውን እንዳለ መተው በደረቁ ከመጥረግ ይሻላል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ሰሙን ጠርጎ ስለሚያነሣው ለመኪና አይመረጥም።

ጭረቱ ብረት ድረስ ከዘለቀ፣ ክረምቱ ሳይደርስ ቀለም ሊነካ ይገባል፤ አለዚያ ዝገቱ በቀለሙ ሥር እየተስፋፋ ይሄዳል። ለዚህም የመኪናው የቀለም ኮድ ያስፈልጋል። በቶዮታ መኪኖች ላይ በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ወይም በኮፋኖው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ ለምሳሌ 040 የሚለው ቁጥር በብዙዎቹ ላይ የምናየው ነጭ ነው። ኮዱን ይዞ ቀለም ቀማሚ ዘንድ መሄድ በዓይን ግምት ከማስቀመም እጅግ ይሻላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ለረጅም ዓመታት የሚያገለግሉን ናቸው። በሽያጭም ጊዜ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀለም ነክቶት እንደሆነ ነው፤ ስቱኮ የበዛበትን ቦታ ማግኔት አጥብቆ ስለማይይዘው ተደብቆ አይቀርም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ ለደንበኛ ዋጋ ከመንገራቸው በፊት ጭረቱን ባለቤቱ ፊት በውሃ አርሰው እንዲያሳዩትና በፍተጋ የሚወጣ ከሆነ ያንኑ እንዲነግሩት ነው። ፖሊሽም ክፍያ ያለው ሙያ ነው፤ በአግባቡ ለሠራ ሰው እንጀራ ይሆነዋል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ቀለም መቀባትን ሲያስተምሩ፣ ቀለምን ሳይቀቡ ማዳንንም አብረው በተግባር ቢያስተምሩ መልካም ነው። ደብዳቤዬን ዝናቡ አባርቶ የጥቅምት አቧራ ከመነሣቱ በፊት እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ