ገና «ዶክተር» አትበሏቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ልጅ ሕክምና ደረሰው ከተባለ ሠፈሩ በዚያው ቀን «ዶክተር» እያለ መጥራት ይጀምራል። አክስት ወገቧን ታሳየዋለች፤ ጎረቤት የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ደስታው የሁላችንም ነው። ነገር ግን የፍሬሽማን ኮርሱን ጨርሶ ፒሲ ዋን (ከሕሙማን ጋር ከመሥራት በፊት ያለው የመጀመሪያ ዓመት) የገባ ተማሪ የሚውለው ከአጥንት፣ ከአስከሬንና ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። ጥበበ ጊዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን ጋር በወጉ የሚሠራው ሲ ዋን (የሆስፒታል ልምምዱ የመጀመሪያ ዓመት) ሲደርስ ነው። ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ከልጁ ላይ ብዙ ሸክም ይወርዳል።

ብዙዎች የሚደነግጡት በአናቶሚ፣ ማለትም በሰውነት ክፍሎች ጥናት፣ ነው። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። በተግባር ፈተናው ላይ ግን አንድ የጭን አጥንት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና «የቀኝ ነው የግራ?» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ማለፍ ግድ ነው። ሃንድአውት ሲያነብ ያደረ ተማሪ እዚህ ላይ ይቆማል። አጥንቱን በእጁ ይዞ ያጠና ግን ክብ ራሱን ወደ ላይና ወደ ውስጥ፣ ሻካራውን መስመር ወደ ኋላ ያዞርና ከራሱ ጭን ጋር ያስተያየዋል፤ የየትኛው እግር እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ አጥንቱን ዓይን ጨፍኖ በጣት እየዳሰሱ መለየት፣ ማታ ደብተር ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ መሣል፣ በማግስቱና በሳምንቱ እንደገና መሣል ያስፈልጋል። እያሰመሩ ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል እንጂ ፈተና ላይ አይገኝም።

አስከሬን ክፍል ውስጥ ዓይን የሚያስለቅሰው ፎርማሊን የሚባለው አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል ነው። ኮንታክት ሌንስ አውልቆ፣ ጓንት ደርቦ፣ ቁርስ በልቶ መግባት ይሻላል፤ በባዶ ሆድ የገባ ቶሎ ያዞረዋል። ካዞረው ወጥቶ መቀመጥ ነውር የለበትም። ጋውኑ ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብ። ፎቶ ማንሳት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እዚያ የተኛው የሰው ልጅ ነው።

ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነት አሠራር ትምህርት፣ በሽምደዳ አይገፋም። ተኝቶ የነበረ ሰው ድንገት ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስ ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ አንገት ላይ ባለው ደም ሥር ያሉ ጠቋሚዎች ይህን ለአንጎል ያደርሳሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ሥሮች ይጠባሉ። ጥያቄው የሚመጣው «ከእነዚህ አንዱ ባይሠራስ?» ተብሎ ነው። ቅደም ተከተሉን በቃሉ የያዘ ሳይሆን ምክንያቱን የተረዳ ይመልሳል። በሰውነት ውስጥ ያለውን ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ባዮኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። የሕክምና ቃላቱን በተመለከተ፣ «ሃይፖ» ያነሰ፣ «ሃይፐር» የበዛ ማለት መሆኑን የመሰሉ ሥረ ቃላትን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መያዝ በኋላ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ በየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣ ስለሆነ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ የመጨረሻ መሆኑ አይቀርም። አደገኛው ዝቅተኛው ውጤት ሳይሆን ውጤቱን ደብቆ ብቻውን ሌሊቱን በቡና ማደሩ ነው፤ ቀን የተጠናው በእንቅልፍ ነው የሚረጋው። ያን ሳምንት ወደ መምህሩና ወደ ሲኒየሮች መሄድ አለበት።

ቤተሰብ ገንዘብ ካለው ውድ መጽሐፍ አይደርድር፤ አንድ አትላስ (የሰውነት ክፍሎች የሥዕል መጽሐፍ)፣ የቆየ እትም ቢሆንም፣ ይበቃል። ይልቅ አጎበር ይግዙለት፤ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። ጣና ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማጥናት ደግ ነው፤ ውኃው ውስጥ መግባት ግን ይቅርበት። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል።

ጋዜጣችሁ ምደባ በሚታወቅበት ሰሞን ለወላጆች የሚሆን አንድ ዓምድ ቢመድብና ሲኒየር ተማሪዎች እንዲጽፉበት ቢጋብዝ እንላለን።

የሕክምና መምህራን
ከባሕር ዳር