ለአዲሱ ሞተር ያልታገሠው በረዶ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ይድረስ ለማልረሳህ ወዳጄና ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል። በዓል በመጣ ቁጥር እደውላለሁ እያልኩ፣ ሳልደውል ባለፈ ቁጥር ደግሞ እያፈርኩ፣ እፍረቱ ራሱ ሌላ የመዘግያ ምክንያት እየሆነኝ እዚህ ደረስኩ። ይቅር በለኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ አዲስ ሞተር ነው፤ የሆነውን ሁሉ ከአንተ ሌላ በትክክል የሚረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

እኛ እዚህ ክረምት የምንለው ወቅት እናንተ ዘንድ በጋ ነው። በረዶ ስልህም አብረን በሠራንበት ጋራዥ ቆርቆሮ ላይ እየተንጣጣ የሚወርደው አይምሰልህ። ይህኛው እንደ ባዘቶ እየሳሳ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ይወርድና ጠዋት በሩን ስትከፍት ደጁን ታጣዋለህ። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2023 በዘለቀው የበረዶ ወቅት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በጠቅላላው ከ90 ኢንች በላይ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ከሩብ በላይ በረዶ ወርዷል፤ እኔም ያን ሁሉ በአካፋ ዛቅሁት። ደረቅ ሲሆን ቀላል ነው። ውሃ ያዘለው ግን አንድ ሜትር ኩቡ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በከተማው ደንብ መሠረት በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ በቤትህ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታህ ስለሆነ፣ ወገቤን አሞኛል ብለህ የምትተወው ሥራ አይደለም። በዚያ ዓመት ወገቤ ተጎዳ፤ ሐኪሜም አካፋ እንዳልነካ አጥብቆ ነገረኝ። እናም ዘንድሮ ገንዘብ አጠራቅሜ ስኖው ብሎወር የሚሉትን የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ገዛሁ።

ማሽኑን ብታየው ደስ ይልሃል። ባለ 208 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለው፤ ከኋላው እየተከተልክ በሁለት እጀታ ትነዳዋለህ። ከፊት 24 ኢንች ስፋት ያለው የላሜራ አፍ አለው፤ በዚያ ውስጥ ጥርስ ያለው ጠመዝማዛ ብረት እየዞረ በረዶውን ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል ይሰበስባል። ከእርሱ ጀርባ ደግሞ በፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ የተሰበሰበውን ተቀብሎ ጭስ ማውጫ በሚመስል ቱቦ ወደ ፈለግህበት አቅጣጫ አሥር ሜትር ያህል ይወረውረዋል። ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ፊት የሚደርሰው በቺንጊያ ነው።

በካርቶን ታሽጎ የመጣው ሐሙስ ዕለት ነበር። እጀታውን ገጠምኩ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ፣ 5ደብልዩ-30 ዘይት ሞላሁ፤ ሞተሩን ለማፍታታት፣ ማለትም ቀስ በቀስ ከሥራ ጋር ለማለማመድ፣ ረጋ ያለ፣ ቀላል በረዶ የሚወርድበት ቀን እንዲመጣልኝ ተመኘሁ። ዓርብ ማታ ግን የዓመቱ ከባድ በረዶ ጀመረ።

የጨነቀኝን አንተ ታውቀዋለህ። ሞተር አውርደን፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ቀይረን፣ ሰርተን ለባለቤቱ ስናስረክብ «መጀመሪያ አታስጨንቀው፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ይተዋወቅ» ትል ነበር። ባለታክሲዎቹ እንደማይሰሙህ እያወቅህ እንኳ ሳትናገር አታስረክብም። እነሆ እኔ ደግሞ አዲስ ሞተር ይዤ ቆሜያለሁ፤ ደጁ ላይ ያለው ሥራ ግን ከሞተሩ የሚጠይቀው ሙሉ ጉልበቱን ነው። እዚህ ብዙ ሰው አዲስ ማሽን ሲያፍታታ ጋዙን ዝቅ ያደርጋል። በመኪና ቢሆን እስማማለሁ፤ በዚህ ማሽን ግን ስህተት ይመስለኛል። ማራገቢያው ፍጥነት ካጣ እርጥቡን በረዶ አርቆ መጣል ያቅተዋል፤ ቱቦው ይደፈናል፣ ሞተሩም ይበልጥ ይጨነቃል። ስለዚህ የቀነስኩት ፍጥነቱን ሳይሆን ጉርሻውን ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። በረዶው አንድ ስንዝር እስኪሞላ አልጠበቅሁም፤ አራት ጣት ያህል በተጠራቀመ ቁጥር እየተነሳሁ ወጣሁ። መጀመሪያ ሞተሩን አስነስቼ፣ ጋራዡ ውስጥ ጭሱ ሰው ስለሚገድል ወደ ውጭ ገፍቼ፣ ሰውነቱ እስኪሞቅ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በመጨረሻው ዝቅተኛ ማርሽ፣ የአፉን ግማሽ ብቻ እያጎረስኩ፣ አንዱን መስመር ጨርሼ ስመለስ ለአፍታ ያለ ጭነት እያዞርኩት ሠራሁ። አንዴ ሲጫነው ድምፁ ይወፍራል፤ ሲለቀው ይቀጥናል። ያ መወፈርና መቅጠን ለአዲስ ፋሻ ከአንድ ወጥ ሩጫ ይልቅ እንደሚበጅ ከአንተ ነው የተማርኩት። በሁለተኛው ዙር አጎራባቼ ያለችውን የ80 ዓመት አሮጊት ደጅም ጨመርኩ፤ ፖስታ አመላላሹ እስከ በሯ እንዲደርስላት።

ቅዳሜ ጠዋት የከተማው ግሬደር አውራ ጎዳናውን ሲጠርግ ያለ የሌለ በረዶውን በመግቢያዬ አፍ ላይ ከምሮት ሄደ። ያ ክምር እንደ ሌላው በረዶ አይደለም፤ ተረግጦ፣ ከጨውና ከአስፋልቱ ውሃ ጋር ተለውሶ ድንጋይ ሆኗል። ተጠንቅቄ ከላይ ወደ ታች እየሸረፍኩ ሳለሁ አንድ የበረዶ ቋጥኝ ገባና ቀጭ አለ። የግራው ጠመዝማዛ ቆመ፤ ሞተሩ ግን መሥራቱን ቀጠለ። ልቤ ወደቀ። አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ ጎንበስ ብል የተሰበረው ጠመዝማዛውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ብቻ ነው። ቡሎኑ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ነው፤ ጠንካራ ነገር ሲገጥም እርሱ ተሰብሮ ውድ የሆነውን የጥርስ ሳጥን (ጊር ቦክስ) ያድናል። ከማሽኑ ጋር መለዋወጫ ስለሚመጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተካሁት። በእኛ ጋራዥ ልማድ በእጅ ያገኘነውን ጠንካራ ቡሎን እንገጥምበት ነበር፤ እዚህ ላይ እንዲያ ብናደርግ በቀጣዩ ቋጥኝ የሚሰበረው የጥርስ ሳጥኑ ይሆናል።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ሲል በረዶው እንደ ሊጥ ሆነና ቱቦው ተደፈነ። ይህን በተለይ እንድታውቅልኝ የምጽፈው አብሮኝ የሚሠራ ሰው በዚሁ ምክንያት ሁለት ጣቶቹን ስላጣ ነው። ሞተሩ ቢጠፋም ቺንጊያው ተወጥሮ ሊቀር ይችላል፤ የታፈነው በረዶ ሲነሳለት ማራገቢያው በድንገት ይዞራል። እጅ በጭራሽ አይገባም፤ ለዚህ ተብሎ በማሽኑ ላይ የታሰረ እንጨት መሰል ፕላስቲክ አለ። ጓንቴን ባደረቅሁ ቁጥር የዚያ ሰው እጅ ይታየኛል።

እሑድ ማታ በረዶው ሲያቆም ሞተሩ አምስት ሰዓት ያህል ሠርቷል፤ መመሪያው የመጀመሪያውን ዘይት ቀይር የሚለውም በዚሁ ጊዜ ነው። አዲስ ቺንጊያ ስለሚለጠጥ ገመዱን ትንሽ ወጠርኩ፤ ከዚያ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ የዘይቱን ቡሎን ፈታሁ። ዘይቱ ገና ማር ይመስላል፤ አልጠቆረም። በነጭ ሳፋ ተቀብዬ ወደ መብራቱ ሳዘነብለው ግን በውስጡ እንደ ብር ብናኝ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲዞር አየሁ። ጣቴን ነክሬ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ አይቆረቁርም፣ ከዱቄት ይልማል። ሰርተህ የጨረስከውን ሞተር የመጀመሪያ ዘይት ስትቀይር በጣትህ አሽተህ፣ ወደ ፀሐይ ይዘህ «ይኸው፣ ፋሻውና ሲሊንደሩ ተፋቀሩ» የምትለው ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ምን እንደምታይ አይገባኝም ነበር። እዚያው በቀዝቃዛው ጋራዥ ውስጥ ሳፋውን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ከዚያ ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ብቻ ልቤን አላሳረፈውም። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ በየጥቂት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ካርቡራተሩ ይሁን ወይም ከብርዱ የተነሳ መለየት አልቻልኩም። በመጪው እሑድ፣ በእናንተ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እዚህ ጠዋት ይሆናል። ስልኩን ከማርሚታው አጠገብ አድርጌ አስነሳልሃለሁና አዳምጠህ ንገረኝ። የሁላችሁንም ድምፅ ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።

የማይረሳህ ወንድምህ