የአይሲቲ ክበብ፦ «ምን ይል ይሆን?»

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው። ለትምህርት ቤታችን ፎቶዎች በአማርኛ ስም አወጣን። ያወጣነው ደግሞ በጨዋታ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች የችግኝ ተከላ ፎቶ ፈልጉልን አሉን። ፎቶው በኮምፒውተር ክፍላችን (ላብ) ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ እናውቃለን። «ችግኝ» ብለን ስንፈልግ ግን አንድም አልመጣም። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው በፋይሉ ስም ነው፤ ስሙ ደግሞ ካሜራው የሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። አንድ በአንድ እየከፈትን ስንፈልግ መሸ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ለልጆቹ ስለ ሉዊስ ፎን አን ነገርኳቸው። ጓቲማላ ተወልዶ ያደገ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ይህንኑ ችግር ለመላው ኢንተርኔት ሊፈታ ተነሣ። ያኔ ኮምፒውተር የትኛውንም ፎቶ አይቶ «ይሄ ውሻ ነው» ማለት አይሆንለትም ነበር። ያን ሁሉ ፎቶ ለሰው ከፍሎ ማሠራትም የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሥራውን ጨዋታ አደረገው። ኢኤስፒ ጌም ይባላል።

የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት ይጣመራሉ። መነጋገር አይችሉም። አንድ ዓይነት ፎቶ ይመጣላቸዋል፤ ሁለቱም ቃል ይጽፋሉ። አንድ ቃል ላይ ሲገጥሙ ነጥብ ያገኙና ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። በ2 ደቂቃ ተኩል 15 ፎቶ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ትእዛዙ ነው። ያየኸውን ጻፍ አይልም፤ ጓደኛህ የሚጽፈውን ገምት ነው የሚለው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፎቶው ብቻ ስለሆነ፣ የገጠሙበት ቃል አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ላይ ያለ ነገር ይሆናል። ያ ቃል ከዚያ ወዲያ ለሌሎች ተጫዋቾች ይከለከላል። «ውሻ» ካለቀ «ጅራት»፣ «ሣር» እያሉ ጠለቅ ማለት ነው። በ4 ወር ውስጥ 13,630 ሰው ተጫውቶ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ስያሜ ተሰበሰበ። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2006 ጨዋታውን ለራሱ ምስል ፍለጋ ወሰደው፤ እስከ 2011 ቆየ።

እኛ በወረቀት ጀመርን። ሁለት ልጆች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛው ፎቶውን አሳይቶ ወረቀታቸውን ያመሳክራል። ጥር ላይ የ11ኛ ክፍል ልጆች ፓይተን በሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጽፈውት ኮምፒውተር ላይ ገባ። ስሙንም «ምን ይል ይሆን?» አሉት።

የመጀመሪያው ፎቶ ማለዳ ላይ የተነሣ የሰልፍ ሜዳ ነበር። አንደኛው «ፀሐይ» ብሎ ጻፈ። ሌላኛዋ «ጸሀይ» አለች። ኮምፒውተሩ አልገጠማችሁም አለ! ልጆቹ ዞር ብለው የሁለቱን ስክሪን ሲያዩ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እንግሊዝኛውን ጨዋታ የሠሩት ይሄ አልገጠማቸውም፤ የእኛ የፊደል ጉዳይ ነው። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሰንጠረዥ ከነርባታቸው አዘጋጀን። የአማርኛ መምህራችን ግን ልጆቹን ስሕተት ልታስለምዷቸው ነው ወይ ብለው ሰጉ። ስጋታቸው ልክ ነበር። ስለዚህ ሰንጠረዡ ለማመሳከር ብቻ ሆነ፤ ከፎቶው ጋር ማኅደራችን ውስጥ የሚቀመጠውን ቃል እሳቸው እያረሙ አስገቡልን።

ከዚያ የነጠላና የብዙ ቁጥር ጉዳይ መጣ። «ችግኝ» እና «ችግኞች» እንዲገጥሙ «ች»ን ብትቆርጥ «ችግኞ» ይቀርሃል። ሳብዑን ወደ ሳድስ መመለስ አለብህ። ይሄ ለ«ቤቶች» እና ለ«ዛፎች» ሠራ። «ውሾች» ግን «ውሽ» ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያሉትን በእጅ መዝግበናቸዋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የእርሻ ፎቶው ነው። «በሬ» እና «ገበሬ» ቶሎ አለቁና ተከለከሉ። ከገጠር የመጣች አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር» ብላ ደረደረች። ከተማ ያደገው ጓደኛዋ አንዱንም አያውቅም። ዜሮ ነጥብ! ከሁላችንም የበለጠ የምታውቀው ልጅ ተሸነፈች። የጨዋታው ትልቁ ጉድለት ይሄ ይመስለኛል፤ ሁለት ሰው ያላወቀው ቃል መሬት ላይ ይወድቃል።

መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ናት። ሄዳ የግቢውን ጥበቃ ጠራች። «ጋሼ፣ ይሄን አይተው አፍዎ ላይ የመጣልዎትን ይንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን» አለቻቸው። ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡና ቀስ ብለው፣ «ሞፈር... ቀንበር... ይሄ ደግሞ ድግሩ ነው» አሉ። ሦስቱም ገጠሙ። ልጅቷ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች።

ለዚህ እትም የችግኙን ፎቶ ስንፈልግ ቃሉን እንደጻፍን መጣ። አሁን የቀሩን በባህል ቀን የተነሡ የሽመና ፎቶዎች ናቸው። ከ«ሸማ» እና «ክር» ሌላ ያገኘነው «መወርወሪያ»ን ብቻ ነው። ሽመና የምታውቁ ወላጆች ካላችሁ፣ በመስከረም ቅዳሜ ጠዋት ላቡ ክፍት ነው። መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ ልጆቹ ይጽፋሉ።