የቅዳሜው የዌስትታውን ጉብኝት

ሰላም ወላጆች፣

ልጆቻችሁ ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡባችሁ፣ የፊታችን ቅዳሜ ዌስትታውን ትምህርት ቤትን አብረን ሄደን እናያለን። ከጠዋቱ 2:30 ከቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ እንነሳለን። ቦታው ዌስት ቼስተር አካባቢ ነው። ልጆቹም ይምጡ፣ የሚማሩት እነሱ ናቸው።

ለማታውቁት፦ ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1799 የከፈቱት የፊላደልፊያ ኩዌከሮች (ከፕሮቴስታንት ክርስትና የወጣ የእምነት ማኅበር አባላት) ናቸው። ወንድና ሴት አብረው ይማራሉ። ከቤት እየተመላለሰ የሚማር አለ፣ አዳሪም አለ። አዳሪ የሚቀበሉት ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው።

«ሃይማኖታቸውን ያስቀይሩብናል ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ኩዌከር አይደሉም። ጸሎታቸው ዝምታ ነው። ሁሉም አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፣ የሚናገረው ያለው ተነስቶ ይናገራል፣ ከዚያ እንደገና ዝም። እኔ መጀመሪያ የኩዌከር ጸሎት ቤት ስገባ ሰው ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ግን የራሴ ጭንቅላት ጫጫታ አስደነገጠኝ።

ግቢው ሰፊ ነው፣ 600 ኤከር ገደማ፤ ሐይቅም ጫካም አለው። ስለዚህ ታኮ ጫማ ቤት ይቅር። የልጁን የዘንድሮ ውጤት ኮፒ ያዙ። ስለ ክፍያ እርዳታና አዳሪዎቹ በጾም ወቅት ምን እንደሚበሉ እዚያው እንጠይቃለን፤ ሌላ ጥያቄ ካላችሁ ከወዲሁ ላኩልኝ።

ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡና መኪናችሁ ላይ ትርፍ ቦታ ካለ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። 👍 ብቻ አትላኩ፣ ቁጥር ነው የምፈልገው።